በውሉ ላይ ቤት፣ በገበያው መሬት
የድሬዳዋ አሮጌ ቤቶች ዋጋ የሚወጣላቸው መቼ ነው?

ከለገሃሬ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ተነስቶ በቀጥታው መንገድ ወደ ከዚራ የሚዘልቅ ሰው ቀትር ላይ እንኳ ፀሐይ ብዙ አያገኘውም። ዛፎቹ ከግራና ከቀኝ ተቃቅፈዋል። ድሬዳዋ ቀኑን የምታሳልፈው በዚህ ጥላ ሥር ነው። ደላላውና ገዢውም ቆመው የሚነጋገሩት በዚሁ ጥላ ነው። ፊት ለፊታቸው ግንቡ የወፈረ፣ በረንዳው የሰፋ፣ የመስኮቱ ፐርሲያና ከፊሉ የተገነጠለ አሮጌ ቤት አለ። ገዢው የጣሪያውን ዝገትና የግድግዳውን ስንጥቅ አይቶ ፊቱን ሲያጨማድድ፣ ድሬ አንቱታ ስለማታውቅ ደላላው ትከሻውን መታ አድርጎ «አቦ፣ ቤቱን ተወው! ቦታውን እያት» ይለዋል።

ይህች አነጋገር በከተማው የቤት ገበያ ውስጥ በየቀኑ የምትሰማ ናት። ለጆሮ ቀላል ትምሰል እንጂ የገበያውን በሽታ በሙሉ የያዘች ናት። ምክንያቱም በኢትዮጵያ ሕግ መሬት አይሸጥም፤ አይለወጥም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን ሁሉ የመንግሥት አድርጓል፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ሕጎችም ይህን መሠረት አልነቀሉትም። የሚሸጠው ቤት ነው። ሻጭና ገዢ ውል ሲፈራረሙ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ስለ ቤቱ ነው። ገንዘቡ የሚቆጠረው ግን ስለ መሬቱ ነው። በውሉ ላይ ዋጋ ያለው ዕቃ በገበያው ላይ እንደ ፍርስራሽ ይታያል፤ በውሉ ላይ የማይሸጠው ዕቃ ደግሞ በገበያው ላይ ሚሊዮኖችን ይጠራል።

ለመሆኑ ደላላው «ተወው» የሚለው ቤት ምንድነው? ማን ሠራው? ማንስ ኖረበት? ነጋዴ ዕቃ ከመጣሉ በፊት ምን እንደሚጥል ማወቅ ይኖርበታል።

ባቡር የወለዳት ከተማ

ድሬዳዋ በታሪክ አጋጣሚ የተገኘች ከተማ ናት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ እንዲዘረጋ ፈቃድ ሲሰጡ፣ ከጅቡቲ የሚነሳው ሐዲድ መጀመሪያ ይደርስባታል ተብላ የታሰበችው ሐረር ነበረች። ይሁንና ሐረር ከተራራው በላይ ናት። በደንገጎ ዳገት ሐዲድ ማውጣት የሚጠይቀው ወጪ ለኢልግና ለፈረንሳዊው ሸሪኩ ለሊዮን ሸፍኖ ኩባንያ አልተቻለም። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ፣ ከደቻቱ አሸዋ ዳር ቆመ። በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ባቡሩ ደረሰ። ለአዲሱ ጣቢያ የወጣለት ስም «አዲስ ሐረር» የሚል ነበር፤ ስሙ አልያዘም፤ ድሬዳዋ ያዘ።

ከዚያ በኋላ ኩባንያው ገንዘብ አጥቶ ከሰረ። ሌላ ኩባንያ ተተክቶ ሐዲዱን እስኪቀጥለው ድረስ ድሬዳዋ ለዓመታት የመስመሩ መጨረሻ ሆና ቆየች፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ለነጋዴ የመስመር መጨረሻ ማለት ምን እንደሆነ አይነገረውም። ከደጋ በግመልና በበቅሎ የሚወርደው ቡና፣ ቆዳና ሰም እዚያ ይራገፋል፤ ከባሕር የሚመጣው አቡጀዲ፣ ጨው፣ ብረታ ብረትና ፋኖስ እዚያ ይወርዳል። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ መጋዘን ያስፈልጋል፤ መጋዘን ያለበት ቦታ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ አስመጪ፣ ባንክ ያስፈልጋል። በ1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክም ድሬዳዋ ላይ ቅርንጫፍ ነበረው።

ከደቻቱ በስተምዕራብ ያለውን ከዚራን የቀየሰው የባቡር ኩባንያው ነበር። መንገዶቹ በገመድ እንደተለኩ ቀጥ ያሉ ናቸው። ዛፍ ተተክሎላቸዋል። ጣቢያው፣ ወርክሾፑ፣ የሠራተኛውና የሹማምንቱ መኖሪያ እርስ በርስ እንዲቀራረብ ሆኖ ተሠርቷል። ከወንዙ ማዶ ያለው መጋላ ግን በቀያሽ ገመድ የተሠራ አይደለም። በንግድ እግር የተረገጠ ነው። መንገዱ ጠባብ፣ ቤቱ ጥቅጥቅ ያለ፣ ከታች ሱቅና መጋዘን፣ ከላይ መኖሪያ ነው። የቀፊራ ገበያ በር ከነቅስቱ እስከ ዛሬ የመጋላን ጠባይ ይናገራል። አንድ ከተማ፣ ሁለት ጠባይ፤ መሐላቸው አብዛኛውን ዓመት ውሃ የሌለው ወንዝ።

ቤቱ እንዴት እንደሚሠራ

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። የከዚራ ቤት የተሠራው ይህን ሙቀት ያለ መብራት ለመቋቋም ነው። ይህን ነገር ዛሬ የመብራት ሒሳብ የሚከፍል ነጋዴ ልብ ሊለው ይገባል።

መጀመሪያ ግንቡን ይመልከቷል። የድንጋይ ግንቡ ወፍራም ስለሆነ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይቀበላል፤ ሌሊት ቀስ ብሎ ይተፋል። ቀትር ላይ ከውጭ የገባ ሰው ውስጡ ቀዝቅዞ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው። ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ሰው ከሚቀመጥበት ከፍታ ይርቃል፤ ከኮርኒሱና ከክፈፉ ሥር የተተዉት ቀዳዳዎች ያስወጡታል። በረንዳው ለመታያ ብቻ የተሠራ አይደለም። ፀሐይ ግድግዳውን በቀጥታ እንዳታገኘው የተዘረጋ ጃንጥላ ነው። ፐርሲያናውም ብርሃኑን አስቀርቶ ነፋሱን ያስገባል። በሩና መስኮቱ ትይዩ ስለሆኑ የማታው ነፋስ ከአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል።

አሁን በዚያው መንገድ ላይ የሚሠራውን ሕንፃ ይመልከቷል። የብሎኬት ግድግዳው ስስ ነው። ፊቱ መስታወት ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። ፀሐይ በመስታወቱ ትገባለች፤ መውጫ ግን የላትም። ስለዚህ በየክፍሉ ማቀዝቀዣ ይገጠማል፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሳል፤ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ይጠጣል። ይህ ሁሉ ወጪ በኪራዩ ላይ ይጫናል። አሮጌው ቤት ከመቶ ዓመት በፊት በድንጋይ የከፈለውን ሒሳብ አዲሱ ሕንፃ በየወሩ በብር ይከፍላል።

ይህ ማለት አሮጌ ሁሉ መልካም ነው ማለት አይደለም። የከዚራ ቤት መታጠቢያው ጠባብ ነው፤ የመብራት መስመሩ አርጅቷል፤ እንጨቱን ምስጥ ይወደዋል። ነገር ግን መታጠቢያና መብራት የሚታደሱ ነገሮች ናቸው። ወፍራም ግንብ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ሰፊ በረንዳና ያደገ ዛፍ ግን ዛሬ በሚሸጠው የድንጋይና የእንጨት ዋጋ ማን ይሠራዋል?

ማን ያልኖረበት አለ?

የእነዚህን ቤቶች ነዋሪዎች ዝርዝር ያየ ሰው የአንድ አገር ከተማ ውስጥ መሆኑን ይጠራጠራል። ፈረንሳዩ የባቡር ኃላፊ፣ ግሪኩ ባለ ሱቅ፣ አርመኑ የእጅ ባለሙያ፣ ሕንዱ ጨርቅ ነጋዴ፣ የመኑ ዓረብ፣ ጣሊያኑ ግንበኛ ሁሉም እዚህ ቤት ተከራይተዋል፤ ሠርተዋል፤ ወልደዋል። ግሪኮቹ ከሄዱ ብዙ ዘመን ቢሆንም «ግሪክ ካምፕ» የሚባለው ሰፈር ስሙን አልጣለም። መሐመድ አሊ የሚባለው የሕንዶች ትልቅ የንግድ ቤት ከሐረር ተነስቶ በአገሪቱ ዋና ዋና የንግድ ከተሞች ቅርንጫፍ ዘርግቶ ነበር፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ንብረቱን ጥሎ እንዲወጣ ተደረገ።

ፈረንሳዊው አንሪ ደ ሞንፍሬድም ከነዚህ አንዱ ነበር። በቀይ ባሕር ላይ የጦር መሣሪያና የሐሺሽ ንግድ ሲያካሂድ የኖረ፣ ያንኑም ጽፎ ስም ያወጣ ሰው ነው። በድሬዳዋ ግን ዱቄት ፋብሪካና የኤሌክትሪክ ማመንጫ አቋቁሞ ነበር። በ1920ዎቹ አጋማሽ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተጣልቶ ተባረረ፤ በኋላም ከወራሪው ጣሊያን ጋር ወግኖ ተመለሰ። የአንድ ቤት ነዋሪ ሁሉ ደግ ሰው አይደለም። ታሪክ ግን የሚሸመተው ደግነት እየተመዘነ አይደለም።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ተነስተው ወደ ስደት ሲሄዱ ያሳለፋቸው ይኸው መስመር ነው። ከሳምንት በኋላ ድሬዳዋ በጣሊያን እጅ ወደቀች። ጣሊያን ሲሚንቶ ፋብሪካና ሌላም ሌላም ተከለ፤ በ1933 ዓ.ም. መጋቢት ወር ወጣ። ፈረንሳዩ የባቡር ሹም ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ነጋዴው እንደገና መጋዘኑን ከፈተ። ከነጻነት በኋላ ባሉት 30 ዓመታት ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ነጋዴዎችና የባቡር ሠራተኞች ብዙዎች ቤት ገዙ፤ ሠሩ፤ አከራዩ።

ከዚያ 1967 መጣ። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት አስቀርቶ ትርፉን ወሰደ። ኪራያቸው ከ100 ብር በላይ የነበሩት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር፣ ከዚያ በታች የነበሩት ወደ ቀበሌ ሄዱ። አንድ ነጋዴ ከነቤተሰቡ የኖረበት ቪላ ሦስት አራት አባወራ ገባበት። ሳሎኑ በቺፑድ ተከፈለ፤ በረንዳው በቆርቆሮ ተዘግቶ ማድቤት ሆነ። ይህን የሚነቅፍ ሰው አንድ ነገር ማስታወስ አለበት፤ ቤት ያልነበረው ሰው ቤት አግኝቷል። በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ ልጆች አድገዋል፤ ሐኪም፣ መምህር፣ ነጋዴ ሆነዋል። የቀበሌ ቤት ነዋሪውም የቤቱ ታሪክ አካል ነው፤ እንዲያውም ከፈረንሳዩ ይልቅ ረጅም ዘመን የኖረበት እሱ ነው።

አሸንዳውን ማን ያሠራዋል?

የከዚራ ቤት የሚፈርሰው በቡልዶዘር ብቻ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርሰው በአሸንዳ ነው። አሸንዳው ይቀደዳል። የክረምቱ ውሃ በግንቡ ላይ ይወርዳል። ልስኑ ይረግፋል። ውሃው ወደ ወራጁ ይደርሳል፤ እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ምስጥ ይገባል። በአምስት ዓመት ውስጥ ጥቂት ሜትር ቆርቆሮና የአንድ ቀን የባለሙያ ዋጋ የነበረው ጥገና የአንድ ጣሪያ ሙሉ ዋጋ ይሆናል።

ታዲያ ለምን አይጠገንም? ነገሩ ስንፍና አይደለም፤ ሒሳብ ነው። ተከራዩ የሚከፍለው ኪራይ ለዘመናት ከገበያው ዋጋ በጣም ዝቅ ብሎ የቆየ ነው፤ ቤቱ ግን የእሱ አይደለም። አሸንዳ ቢያሠራ ገንዘቡን የሚመልስለት የለም፤ ነገ ቢነሳም ይዞት አይሄድም። አከራዩ መንግሥት ደግሞ ከዚያ ዝቅተኛ ኪራይ ላይ ጥገናውን የሚሸፍን ገንዘብ አያገኝም። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች እጃቸውን አጣምረው ውሃው ሲወርድ ያያሉ። ሁለት እረኛ ያላት ላም ጅብ ይበላታል ማለት ይህ ነው።

በግል ይዞታ ሥር ያሉትም ከዚህ ብዙ አይሻሉም። የቤቱ ባለቤት አባት ሞተዋል። ወራሾቹ አንዱ ድሬዳዋ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ካናዳ ናቸው። ካርታው በአባት ስም ነው። ውርሱ አልተጣራም። ማንም ብቻውን ገንዘቡን ማውጣት አይፈልግም፤ ለምን ለወንድሙ ያድስ? ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር መሸጥ ብቻ ነው። ያኔ ደላላው ይመጣል፤ «ቤቱን ተወው» ይላል።

ሕጉስ ምን ይላል? የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የያዘ ሰው በራሱ ወጪ እንዲጠብቀውና ያለ ፈቃድ እንዳይለውጠው ያስገድዳል። መልካም ነው። ነገር ግን ባለ ይዞታው አዋጁን ሲያነበው የሚታየው ግዴታው ነው። ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ ማፍረስ አይችልም፤ ፎቅ መጨመር አይችልም፤ የገዢው ቁጥር ያንሳል። በምትኩ በእጁ የሚገባ ነገር ካላየ መዝጋቢ ሲመጣ በሩን ቢዘጋ ምን ይገርማል? የካሣውም ሕግ በዚያው መንገድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ቦታው ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ የሚሰላው ቤቱን በአዲስ ለመተካት የሚያስፈልገው ወጪ ነው። የበረንዳው ጥላ፣ የመንገዱ ውበትና የቤቱ ስም በቀመሩ ውስጥ መስመር የላቸውም። ሕጉም እንደ ደላላው ነው የሚያየው።

ሐረር ምን አደረገች?

ምሳሌ ለመፈለግ አውሮፓ መሄድ አያስፈልግም፤ ደንገጎን መውጣት ይበቃል። ሐረር ውስጥ «የራምቦ ቤት» የሚባል ትልቅ የእንጨት ሥራ ያለበት ቤት አለ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በሐረር ቡናና ቆዳ ሲነግድ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1891 ሞተ። ቤቱን ግን ያሠራው እሱ ከሞተ ከዓመታት በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ራምቦ አንድ ሌሊትም አላደረበትም! ይሁንና ቤቱ ታድሶ፣ ሙዚየም ሆኖ፣ ስም ተሰጥቶት ከዓለም ዙሪያ ሰው ይጎበኘዋል። ጎብኚው መግቢያ ይከፍላል፤ ከዚያ ቡና ይጠጣል፤ አስጎብኚ ይይዛል፤ ሆቴል ያድራል፤ ሰፌድና መሶብ ይገዛል።

እንደዚሁም ራስ ተፈሪ የጫጉላ ጊዜያቸውን አሳልፈውበታል የሚባለው ቤት የአንድ ግለሰብ የዘመናት ስብስብ የሆነው የሸሪፍ ሙዚየም ገብቶበታል። የጀጎል ከተማ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። ይህ ሁሉ ሐረርን ባለጠጋ አላደረጋትም። ነገር ግን አሮጌ ቤት መታደሱ የማይከፍል ሥራ ነው የሚለውን ክርክር አፍርሶታል። ያልኖረበት ሰው ስም ቤቱን ካስከፈለ፣ ድሬዳዋ የኖሩበትን ሰዎች ስም ይዛ ለምን ባዶ እጅዋን ትቀመጣለች?

ከዚህም በላይ ድሬዳዋ ከሐረር የሚለያት አንድ ነገር አላት። የሐረር ቅርስ የሃይማኖትና የመንግሥት ቅርስ ነው፤ የድሬዳዋ ቅርስ የንግድ ቅርስ ነው። አሮጌው ጣቢያ፣ በአማርኛና በፈረንሳይኛ ስሙ የተጻፈበት ፊቱ፣ ከኋላው ያለው ወርክሾፕ ከነቶርኖው፣ ከነማቅለጫው፣ ከነአሮጌ ሎኮሞቲቩ፣ ፊት ለፊቱ ያሉት ቤቶች፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ገበያ፤ ይህ ሁሉ በአንድ ከሰዓት በእግር የሚዞር የአገሪቱ የንግድ ታሪክ ነው። እንዲህ ያለ ስብስብ ሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም።

የሚቃወሙት ምን ይላሉ?

ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ሊደመጥ ይገባዋል። አንደኛ፣ ከተማው ቤት ይፈልጋል፤ በመሐል ከተማ አንድ ፎቅ ብቻ ያለው ቤት ሰፊ ቦታ ይዞ መቀመጡ ብክነት ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ ባለቤቱ በንብረቱ የማዘዝ መብት አለው፤ ሌላው ሰው በውበቱ እንዲደሰት እሱ ለምን ይደኸያል? ይላሉ። ሦስተኛ፣ ጎብኚ ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይቀራል፤ የፀጥታ ወሬ ሲሰማ ሆቴል ባዶውን ያድራል፤ የሱቅ ኪራይ ግን የታወቀ ነው ይላሉ።

የመጀመሪያውን በሒሳብ ማየት ይቻላል። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ አንድ አሮጌ ቤት በ6 ሚሊዮን ብር ይታደሳል እንበል፤ ለሬስቶራንት ወይም ለቢሮ በወር 100 ሺህ ብር ይከራያል። በዓመት 1.2 ሚሊዮን፤ ገንዘቡ በ5 ዓመት ይመለሳል። በዚያው ቦታ ላይ 60 ሚሊዮን ብር የሚፈጅ ፎቅ ቢሠራና በወር 500 ሺህ ብር ቢከራይ በዓመት 6 ሚሊዮን ነው፤ 10 ዓመት ይፈጃል፤ ግንባታው የሚወስደው ጊዜ አልተቆጠረም። ገንዘቡ ከባንክ በ16 በመቶ ቢወሰድ ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ለአሮጌው ቤት 960 ሺህ፣ ለፎቁ 9.6 ሚሊዮን ብር ይሆናል። አሮጌው ቤት ወለዱን ከፍሎ ጥቂት ይተርፈዋል፤ ፎቁ ከኪራዩ በላይ ወለድ ይከፍላል። እርግጥ ነው፣ የፎቁ ባለቤት በመጨረሻ የሚይዘው ንብረት ትልቅ ነው፤ ኪራዩ ከፍ ካለና ክፍሎቹ ሁሉ ከተያዙ ሒሳቡ ይገለበጣል። ቁጥሩን እያንዳንዱ በራሱ ቤትና በራሱ ባንክ ይለካው። ቁም ነገሩ ግን «ማፍረስ ሁልጊዜ ያዋጣል» የሚለው ሐሳብ ያለ ሒሳብ የተያዘ ሃይማኖት መሆኑ ነው።

ፎቅ የሚሠራበት ቦታም አልጠፋም። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተከፈተው የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጣናና የኢንዱስትሪ ፓርኩም የከተማውን ጭነት ወደ ዳር ስበውታል። መጋዘን፣ ፋብሪካና ትልልቅ ሕንፃ የሚፈልግ ባለሀብት የሚሄደው ወደዚያ ነው። አሮጌው ባቡር በአዲስ አበባ መስመር ከቆመ ወዲህ ከዚራ የጭነት ሰፈርነቷን ተነጥቃለች። የቀራት ጥላዋና ቤቷ ነው። እሱን ካፈረሰች ከሌላው መንገድ በምን ትለያለች? በቀጣናው ውስጥ የሚሠራው እንግዳ ነጋዴ ማታ የሚያድርበት፣ የሚበላበት፣ ደንበኛ የሚጋብዝበት ቦታ ይፈልጋል። የመስታወት ሕንፃ በአገሩም ሞልቶለታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ እውነት አለው። ባለቤቱ ለሁሉም ጥቅም ብቻውን መክፈል የለበትም። ሦስተኛውም እውነት አለው፤ አሮጌ ቤትን በጎብኚ ተስፋ ብቻ ማደስ ቁማር ነው። ቤቱ መጀመሪያ ለከተማው ሰው የሚሆን ሥራ ሊሠራበት ይገባል። ክሊኒክ፣ የጠበቃ ቢሮ፣ የባንክ ቅርንጫፍ፣ ምግብ ቤት፣ እንግዳ ማረፊያ። ጎብኚ ምርቃት ነው።

ምን ይደረግ?

መንግሥት በእጁ ያሉትን ቤቶች በወር ኪራይ አስሮ ከሚያበሰብስ፣ በረጅም ዘመን ውል ከማደስ ግዴታ ጋር ለጨረታ ቢያቀርብ ይሻላል። ዛሬ ባዶ መሬት በሊዝ የወሰደ ሰው ለአሥርት ዓመታት የሚዘልቅ ውል ይዞ ባንክ መግባት ይችላል። በአሮጌ ቤት የተቀመጠው ሰው ግን በእጁ ያለው የወር ደረሰኝ ነው። ባንክ በደረሰኝ አያበድርም። ለቤቱም ለመሬቱ የተሰጠውን ያህል ዕድሜ ያለው ውል ይሰጠው።

ሲጫረትም በውስጡ ያሉት አባወራዎች ሜዳ ላይ መውደቅ የለባቸውም። ምትክ ቤት አስቀድሞ፣ በተግባር፣ በቁልፍ ይሰጣቸው። ይህ ካልሆነ እድሳት የሚባለው ነገር በከተማው ነዋሪ ዘንድ የማስለቀቂያ ሌላ ስም ሆኖ ይቀራል። በአዲስ አበባ ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. የሆነው ለብዙዎች ገና ትኩስ ነው። የፈረሰውን መልሶ ማቆም እንደማይቻልም ያስተማረው እሱ ነው።

ለግል ባለ ይዞታዎች ደግሞ ምዝገባው ጥቅም ይዞ ይምጣ። አሮጌ ቤቱን ጠብቆ የሚያድስ ሰው የጣሪያና ግድግዳ ግብር ቢቀነስለት፣ ከበስተኋላ ባለው ግቢ ውስጥ ከመንገድ የማይታይ ሕንፃ እንዲጨምር ቢፈቀድለት፣ ፈቃዱም ከወራት ይልቅ በቀናት ቢያልቅለት በሩን አይዘጋም። ቅርስ መሆን ዋጋ የሚቀንስ ሳይሆን ዋጋ የሚጨምር ማኅተም ይሁን።

የንግዱ ኅብረተሰብም የመንግሥትን እጅ ብቻ መጠበቅ የለበትም። የከተማው ንግድ ምክር ቤትና ዩኒቨርሲቲው ተባብረው ቤቶቹን አንድ በአንድ ቢለኩ፣ ፎቶ ቢያነሱ፣ ከአሮጌ የባቡር ሠራተኞችና ከሽማግሌዎች የነዋሪዎቹን ታሪክ ቢጽፉ ወጪው ትንሽ ነው። የሚያውቁት ሰዎች በየዓመቱ እየቀነሱ ናቸው። ታሪኩ የሌለው ቤት ግንብ ብቻ ነው፤ ግንብ ደግሞ ደላላው እንዳለው ይተዋል።

ለሚያድሱትም አንድ የግንበኛ ምክር አለ። በኖራ የተለሰነ አሮጌ የድንጋይ ግንብ ሲሚንቶ አይወድም። ሲሚንቶው እርጥበቱን ውስጥ ይዘጋዋል፤ ግንቡ ያልበዋል፤ ልስኑ እንደገና ይረግፋል። በኖራ የተሠራ በኖራ ይታደስ። ገንዘብ አውጥቶ ቤት ማበላሸት ከመተው የከፋ ነው።

ወደ ዛፉ ጥላ እንመለስ ቢባል፣ ደላላውና ገዢው ገና አልተስማሙም። ዋጋው ተወዷል። ገዢው አንገቱን ቀና አድርጎ በረንዳውን ያያል፤ ከውስጥ ቀዝቃዛ አየር ይመጣል። ደላላው ኮሚሽኑን እንጂ ቤቱን አይኖርበትም፤ ስለዚህ አይፈረድበትም፤ ገበያው ያስተማረውን ነው የተናገረው። ገበያው ሌላ ትምህርት እንዲያስተምረው የሚያደርጉት ውሉን የሚጽፉት፣ ግብሩን የሚተምኑት፣ ፈቃዱን የሚሰጡትና ገንዘቡን የሚያወጡት ናቸው። እነሱ ሲነቁ ደላላው «አቦ፣ ቦታውን ተወው፤ ቤቱን እያት» ማለት ይጀምራል። ያ ቀን እስኪመጣ ግን ክረምቱ አይጠብቅም፤ አሸንዳው እንደተቀደደ ነው።